የአትባራ ውሃ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል? የውሃ ዑደት ከኸሽም ኤል ቂርባ ሲታይ

በምሥራቅ ሱዳን በኸሽም ኤል ቂርባ የሚያልፈው አትባራ፣ ግድብ ባይኖርበት ኖሮ የዓመቱን ግማሽ ያህል ወንዝ ሊባል ባልቻለም ነበር። በበጋ ፍሰቱ ይቆረጣል፤ እዚህም እዚያም ጥልቅ ኩሬዎች ብቻ ይቀራሉ። ከዚያ በሰኔ ማብቂያ ገደማ፣ በቂርባ ሰማይ ላይ ይህ ነው የሚባል ደመና ሳይታይ፣ አፈር የተሸከመ ጎርፍ ይደርሳል። ዝናቡ የጣለው ሌላ አገር ነው፦ ጓንግ በሚነሣበት በጭልጋ ዙሪያ፣ አንገረብ በሚወርድበት ከጎንደር በስተሰሜን፣ ተከዜ በሚመነጭበት በላስታና በሚዞረው በስሜን ተራሮች። ሦስቱ ወንዞች ሱዳን ገብተው ሲገናኙ በዓመት በአማካይ 11 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ለዓባይ ያቀብላሉ። የዚህ ውሃ እጅግ አብዛኛው በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም ያልፋል።

የተማሪ መጽሐፍ የውሃን ዑደት በአንድ ክብ ሥዕል ይጨርሰዋል፤ ባሕሩ ይተናል፣ ደመናው ይዘንባል፣ ወንዙ ወደ ባሕር ይመለሳል። ሥዕሉ ትክክል ነው። ሆኖም በቂርባ ቦይ ዳር ጥጥና ስንዴ የሚዘራ ገበሬ ለሚያነሣቸው ጥያቄዎች መልስ የለውም። ዝናቡ የመጣው ከየትኛው ባሕር ነው? በደጋው ደን ቢመነጠር ወይም ቢተከል ቆላው ምን ያገኛል፣ ምን ያጣል? ከተከማቸው ውሃ ስንቱ ለሰው ይደርሳል፣ ስንቱስ በፀሐይ ይሄዳል? ከእነዚህ አንዳንዶቹ በልኬት ተቋጭተዋል። አንዳንዶቹ ግን ዛሬም ባለሙያዎችን ያከራክራሉ፤ በየአደባባዩ የሚነገረው ግን ሁሉም እንደ ተቋጨ ተደርጎ ነው።

ከጥንት የዞረው ጥያቄ

የግብጽ ወንዝ ሙቀቱ በበረታበት ወቅት መሙላቱ ለጥንት ሰዎች እንቆቅልሽ ነበር። ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በግሪኮች ዘንድ የነበሩ ሦስት መላ ምቶችን መዝግቧል። አንዱ ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ ወንዙን ወደ ኋላ ይገፋዋል ይል ነበር። ሁለተኛው ወንዙ ከዓለም ዙሪያ ውቅያኖስ ይመጣል፣ ሦስተኛው ደግሞ በደቡብ የሚቀልጥ በረዶ ነው ይል ነበር። ሄሮዶቱስ አንዱንም አልተቀበለም፤ የራሱ መልስም አልጸናም። የሙላቱ ሰበብ በኢትዮጵያ ተራሮች የሚጥለው የክረምት ዝናብ ነው የሚለው አስተሳሰብ እየጠነከረ የመጣው ከእርሱ በኋላ በተነሡ ጸሐፊዎች ነው።

በደጋው አገር ጉዳዩ እንዲህ ያለ ምስጢር አልነበረም። ክረምት ሲገባ ወንዝ እንደሚሞላና ሙላቱ ወደ ቆላ እንደሚወርድ ማንም ያየዋል። ሊቃውንቱም በግእዝ ሙሉነቱን ጠብቆ በቆየው በመጽሐፈ ሄኖክ የነፋሳት፣ የጠል፣ የበረዶና የዝናብ መዛግብት በሰማይ እንዳሉና ለየአንዳንዳቸው ሥርዓትና ልክ እንደተሠራላቸው ያነቡ ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1443 እ.ኤ.አ. ለግብጹ ሱልጣን ጃቅማቅ በላኩት ደብዳቤ የዓባይን ውሃ የመከልከል ነገር ማንሣታቸውን የዐረብ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ንጉሡ ሊያደርጉት ይችሉ ነበር ወይስ አይችሉም የሚለው ሌላ ነገር ነው። የታችኛው ውሃ የላይኛው ዝናብ መሆኑን ግን ሁለቱም ወገን ያውቁ ነበር።

በአውሮፓ ዑደቱን ከፍልስፍና ወደ ሂሳብ ያወረደው ፒየር ፔሮ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። በ1674 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በሴን ወንዝ የላይኛው ተፋሰስ የሚዘንበውን ከሚፈሰው ጋር አስተያየ፤ ዝናቡ ከፍሰቱ ስድስት እጥፍ ያህል ሆኖ አገኘው። ወንዝን ለመመገብ ዝናብ ብቻውን ይበቃል ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ ከሜዲትራኒያን ባሕር የሚነሣውን ትነት አስልቶ ሁለተኛውን የዑደቱን ክንድ አሟላ።

በአትባራ ላይ ይህን በዓይኑ አይቶ የጻፈው እንግሊዛዊው አሳሽ ሳሙኤል ቤከር ነው። በሰኔ 1861 እ.ኤ.አ. በደረቀው አሸዋ ዳር ሰፍሮ ነበር፤ ዓሣ፣ አዞና ጉማሬ በቀሩት ኩሬዎች ተፋፍገው አይቷል። በወሩ 23ኛ ሌሊት ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ የሚያስገመግም ድምፅ ተሰማ፤ ሰፈሩ ሁሉ ተነሥቶ ጮኸ። ሲነጋ አሸዋው በነበረበት ከ400 ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ 5 ሜትር ያህል የሚጠልቅ ወንዝ ይፈስ ነበር፤ እርሱ ባለበት ስፍራ ግን ዝናብ አልጣለም። ቤከር ከዚያ ተነሥቶ የግብጽን ለም አፈር የሚያወርዱት የሐበሻ ወንዞች፣ በተለይም አትባራ፣ መሆናቸውን ጽፏል። የኋላ ልኬት ለአትባራ ብቻ የሰጠውን ድርሻ ቀንሶ ዋናውን ለጥቁር ዓባይ ቢሰጥም፣ ከደጋ የሚወርድ አፈር ነው የሚለው ፍርዱ አልተሻረም።

ሂሳቡ ባጭሩ

በዓለም ላይ በየዓመቱ 500 ሺህ ኪሎ ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይዘንባል። ከዚህ በየብስ ላይ የሚወርደው ከ110 እስከ 120 ሺህ ነው፤ ከእርሱም 40 ሺህ ያህሉ በወንዝና በከርሰ ምድር በኩል ወደ ባሕር ይመለሳል፣ የቀረው ከየብስ ላይ መልሶ ይተናል። አንድ የእንፋሎት ቅንጣት በአየር ውስጥ የሚቆየው በአማካይ ከ8 እስከ 10 ቀን ብቻ ነው። ይህ አጭር ጊዜ ትልቅ ነገር ይነግረናል፤ ሰማይ ጎተራ የለውም። በዚህ ሳምንት ጎንደር ላይ የሚዘንበው በዚህ ሳምንት ወይም ባለፈው ከአንድ ቦታ የተነሣ ነው።

ደመናው ከየት ይነሣል?

ክርክሩ የሚበረታው እዚህ ላይ ነው። ለብዙ ዘመን በየመጽሐፉ የሰፈረው መልስ የክረምት ዝናብ ከአትላንቲክ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ፣ ተነሥቶ የኮንጎን ደን አቋርጦ በደቡብ ምዕራብ ነፋስ ይመጣል የሚል ነው። ለዚህ ጥሩ ምክንያት ነበረው፤ ዝናቡ ከደቡብ ምዕራብ ጀምሮ ወደ ሰሜን ሲዘልቅ፣ ሲወጣም ከሰሜን ጀምሮ ሲለቅ ይታያል። ጅማና ኢሉባቦር ረጅም ክረምት አላቸው፤ ሑመራና ቂርባ አጭር።

በኖርዌይ በርገን የሚሠሩት ኤለን ቪስተና አስገይር ሶርተበርግ በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህን ሥዕል አናወጡት። በሐምሌና በነሐሴ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ የሚደርሰውን አየር በኮምፒውተር ስሌት ወደ ኋላ እየተከተሉ መነሻውን ፈለጉ። ያገኙት ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ትንሽ መሆኑን፣ ትልቁ ድርሻ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከኮንጎ ተፋሰስና ከቀይ ባሕር በሚያልፍ አየር የሚመጣ መሆኑን ነው። ከሰሜን በኩል፣ ከሜዲትራኒያንና ከቀይ ባሕር አቅጣጫ የሚገባው እርጥበት ከደቡቡ መብለጡ ደግሞ ለብዙዎች ያልተጠበቀ ነበር።

ይሁን እንጂ ነፋስ የመጣበትን አቅጣጫ ማወቅና እርጥበቱ የተነሣበትን ስፍራ ማወቅ አንድ አይደሉም። አየር በመንገዱ ላይ ውሃ ይጥላል፣ ሌላ ያነሣል። ይህን ለመለየት ሌሎች ተመራማሪዎች ወደ ራሱ ወደ ዝናቡ ውሃ ዞሩ። የውሃ ቅንጣት ሁሉ እኩል አይከብድም፤ ደመና ረጅም መንገድ ሲሄድ ከባዱን አስቀድሞ ስለሚጥል፣ ከባሕር ርቆና ከፍ ብሎ የሚዘንበው ቀላል መሆን ይገባዋል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ናሙና ከሚሰበስብባቸው ጣቢያዎች አንዷ አዲስ አበባ ናት፤ የእርሷ ዝናብ ግን ለከፍታዋ ከሚጠበቀው የከበደ ሆኖ ተገኘ።

ለዚህ ሁለት መልስ ይሰጣል። ናኦሚ ሌቪንና ባልደረቦቿ በ2009 እ.ኤ.አ. እንደ ጻፉት፣ ይህ በኮንጎ ደን ቅጠል በኩል መልሶ ወደ አየር የወጣ ውሃ ምልክት ነው፤ ዛፍ የሚያወጣው እንፋሎት ከባዱን ከቀላሉ ስለማይለይ ዝናቡ ክብደቱን አያጣም። ሌላው ወገን ደግሞ ደመናው ከቅርብ ባሕር መጥቶ በመንገዱ ብዙ ሳይጥል ደጋው ላይ ይዘንባል ማለት ነው ይላል። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ የኮንጎ ደን መመንጠር የተከዜን ውሃ ይነካል። ሁለተኛው እውነት ከሆነ ሥጋቱ ያንሳል። ልዩነቱ ለቂርባ ገበሬ የቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሆኖም እስካሁን በአንድ ቃል አልተዘጋም።

ውሃው መሬት ሲነካ

ከገዳሪፍ እስከ ሑመራና መተማ የተዘረጋው መሬት አብዛኛው ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ክንድ ያስገባል። የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ራሱን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚጥለው ወይ ሜዳው ላይ ይተኛል ወይ በወንዝ ይሄዳል፤ ወደ ከርሰ ምድር የሚዘልቀው ጥቂት ነው። በ1940ዎቹ በትራክተር መታረስ የጀመረው የገዳሪፍ ማሽላና ሰሊጥ በዚህ አፈር በተያዘ እርጥበት ያድጋል፤ ለአረምና ለአጨዳ ከጎንደርና ከትግራይ ድንበር እየተሻገረ የሚሄደው የቀን ሠራተኛ እንጀራውም እዚሁ እርጥበት ላይ ነው። በዚሁ ምክንያት በጉድጓድ ውሃ መተማመን ያስቸግራል። ገጠሩ ክረምቱን በሐፊር፣ ማለትም መሬት ተቆፍሮ በተሠራ ኩሬ፣ ያቁራል፤ የገዳሪፍ ከተማም ከአትባራ ዳር ከሾዋክ በቧንቧ ውሃ ስታስመጣ ኖራለች።

ወደ ሰሜን ጥቂት ሲኬድ ነገሩ ይገለበጣል። የኤርትራው መረብ ከሰላ ሲደርስ ጋሽ ተብሎ በክረምት ብቻ ይፈሳል፣ ዓባይንም ሳይደርስ በአሸዋ ውስጥ ይሰወራል። በካርታ ላይ ለሚያየው የባከነ ወንዝ ይመስላል። የከሰላ የሙዝና የሎሚ አትክልት ቦታዎች ግን በበጋ የሚጠጡት ይህንኑ ከአሸዋ ሥር የተጠራቀመ የጋሽ ውሃ ነው። «ወንዝ ባሕር ካልደረሰ ጠፋ» የሚለው አነጋገር እዚህ አይሠራም።

በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የትግራይን ጦርነት ሸሽተው በሐምዳይትና በሌሎች መሻገሪያዎች ወደ ሱዳን የገቡ ከ50 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን የዋልካውን መሬት ጠባይ በአካል ቀምሰውታል። በኡም ራኩባና በቱናይድባ ሰፈሮች በበጋ የሚጠጣ ውሃ ብርቅ ሆነ፤ ክረምት ሲገባ ያው ዋልካ መሬት ድንኳኑን በጭቃ ዋጠው። የውሃ እጥረትና የውሃ ብዛት በአንድ ዓመት፣ በአንድ ቦታ።

ግድቡ፣ ደለሉና ትነቱ

የቂርባ ግድብ የተሠራው ከ1960 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ነው፤ ምክንያቱ የሩቅ ነበር። ግብጽና ሱዳን በ1959 እ.ኤ.አ. የአስዋንን ከፍተኛ ግድብ ሲዋዋሉ 50 ሺህ ያህል የዋዲ ሐልፋ ኑባውያን መንደራቸው በውሃ ሊዋጥ ሆነ። ተቃውሟቸው ሳይሰማ በባቡር ተጭነው ወደ ቂርባ መጡ፤ አዲስ ሐልፋም ተቆረቆረች። ዝናብ ከቶ ከማያውቅ አገር የተነሡ ሰዎች የክረምት መብረቅና ጭቃ ወዳለበት ሜዳ ተዘዋወሩ፤ የሚያለማቸውም የስሜንና የላስታ ዝናብ ሆነ።

ግድቡ ሲጀመር 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዝ ነበር። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ግማሹን ያህል ደለል ወሰደው። መሐንዲሶች ያገኙት መላ በሐምሌና በነሐሴ፣ ሙላቱ በበረታ ጊዜ፣ በሮቹን ከፍቶ ሐይቁን ማራገፍና ጎርፉ ራሱ ጭቃውን ጠርጎ እንዲወስድ ማድረግ ነው። ሥራው አደገኛ ሂሳብ አለበት፤ ዝናቡ ቶሎ ከቆመ ሐይቁ ሳይሞላ በጋ ይገባል። ለወንዙም ቀላል አይደለም፤ በጭቃ የወፈረው ውሃ ዓሣውን አፍኖ ይገድለዋል። እንዲህም ሆኖ ይህ ጠረጋ ባይኖር ግድቡ እስከ ዛሬ ባልቆየ ነበር።

የኢትዮጵያው የተከዜ ግድብ በ2009 እ.ኤ.አ. ሲጠናቀቅ ሁኔታው ተለወጠ። 188 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ግድብ ከ9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ይይዛል፤ ከቂርባ የመጀመሪያ አቅም ሰባት እጥፍ መሆኑ ነው። ደለሉን ያስቀራል፤ ለኤሌክትሪክ የሚለቀው ውሃም በሱዳን ሰቲት የሚባለው ተከዜ በበጋ እንዲፈስ ያደርጋል። ሱዳን ደግሞ ከቂርባ በላይ የሩመላና የቡርዳና መንታ ግድቦችን በ2017 እ.ኤ.አ. አስመረቀች። ከዚህ ላይ ሁለት አቋም ይነሣል። አንዱ የላይኛው ግድብ ለታችኛው ረዳት ነው ይላል፤ ጭቃው ቀነሰ፣ ፍሰቱ ተስተካከለ። ሌላው አንዱ በሌላው በጎ ፈቃድ ላይ ወደቀ ይላል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ የሚለያያቸው የአለቃቀቁ መረጃ መኖርና አለመኖር ነው።

ትነትስ? የ1959ኙ ውል በአስዋን በዓመት 10 ቢሊዮን ሜትር ኩብ እንደሚተን ታሳቢ አድርጓል። ይህ አትባራ በዓመት ከሚያመጣው ውሃ ጋር ሊስተካከል ጥቂት የቀረው ነው። ከላስታ እስከ አስዋን ረጅም መንገድ ተጉዞ የደረሰን ወንዝ የሚያህል ውሃ ከበረሃ ሐይቅ ላይ ወደ ሰማይ ይሄዳል። በቀዝቃዛና ጥልቅ ገደል የተከማቸ ውሃ በሜዳና በበረሃ ከተዘረጋው ያነሰ እንደሚተን የታወቀ ነው፤ ግድብ የት ይሠራ የሚለው ክርክር ከፖለቲካው በፊት ይህን ሊመዝን በተገባው ነበር።

መሬት ዝናብ ይጠራል ወይ?

በ1970ዎቹ ሳሕል ሲደርቅ ጁል ቻርኒ የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ከብት ሣሩን ሲግጠው የተራቆተው መሬት የፀሐይን ብርሃን እየመለሰ ዝናብን ያርቃል የሚል ሐሳብ በ1975 እ.ኤ.አ. አቀረበ። እረኛው ተወቀሰ። በኋላ የመጡ ጥናቶች ዋናው ሰበብ የውቅያኖሶች ሙቀት መለዋወጥ መሆኑን አሳዩ፤ መሬት ድርቁን ያባብሰዋል እንጂ አይጀምረውም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎና ከትግራይ ወደ ገዳሪፍ የተሰደደው ሕዝብ መሬቱን በማራቆቱ ዝናቡን አባረረው የሚለው ወቀሳ በልኬት አልተደገፈም።

ይህ ማለት ግን መሬት ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። ሩድ ቫን ደር ኤንትና ባልደረቦቹ በ2010 እ.ኤ.አ. እንዳሰሉት በየብስ ከሚዘንበው 40 በመቶ ያህሉ ከየብስ የተነሣ ትነት ነው። ለዚህ አካባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ማስረጃ ከሱዳኑ ጀዚራ የመጣ ነው። ሱዳናዊው የውሃ ሊቅ አልፋቲሕ አልታሒርና ባልደረቦቹ በ2015 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ የጀዚራ መስኖ ከተስፋፋ ወዲህ በለማው መሬት ላይ አየሩ መቀዝቀዙን፣ ዝናቡም ከመስኖው ወጣ ብሎ በተለይ በስተምሥራቅ መጨመሩን አሳይቷል። ምሥራቁ ደግሞ የገዳሪፍ አቅጣጫ ነው።

ደንን በተመለከተ የሚነገረው ሁሉ ተደባልቋል። ኢትዮጵያ በ2019 እ.ኤ.አ. አረንጓዴ ዐሻራን ስትጀምር መንግሥት በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን አስታወቀ፤ ዝናብ ያመጣል፣ ወንዝ ያበዛል፣ አፈር ያቆማል ተባለ። እነዚህ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አፈር ማቆሙ በደንብ የተረጋገጠ ነው። ወንዝ ማብዛቱ ግን አይደለም፤ በዓለም ዙሪያ ጎን ለጎን የተለኩ ሸለቆዎች እንደሚያሳዩት ዛፍ በተለይም ባሕር ዛፍ ብዙ ስለሚጠጣ የዓመቱን ጠቅላላ ፍሰት ይቀንሳል። ዝናብ ማምጣቱ ደግሞ ሰፊ ደን ሲሆን የሚታመን፣ ለተራራ ጥግ ጥግ ተከላ ግን ያልተረጋገጠ ነው።

አራተኛው ጥያቄ፣ የበጋው ፍሰት፣ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ያን ኒሰንና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ በትግራይ ማይ ዘግዘግ እንዳሳዩት፣ እርከን ተሠርቶ ቁልቁለቱ ከልቅ ግጦሽ ሲጠበቅ የክረምቱ ደራሽ ጎርፍ እጅግ ይቀንሳል፣ የጉድጓዱ ውሃ ደግሞ ከፍ ይላል። ይኸው ቡድን በ1868 እ.ኤ.አ. የመቅደላ ዘመቻ የተነሡ ፎቶዎችን ከዛሬው ጋር ሲያስተያይ፣ በብዙ ቦታ ዛሬ ያለው ዛፍ ከያኔው ይበዛል። ደጋው ድሮ ደን ብቻ ነበር፣ ዛሬ ግን ባዶ ሆነ የሚለው ትረካ ከዚህ ፊት አይቆምም። ለቂርባ ሲተረጎም፦ የላስታ እርከን ያነሰ ደለልና የተሻለ የበጋ ውሃ ይሰጣል፤ የበለጠ ጠቅላላ ውሃ ግን ከእርሱ አለመጠበቅ ይሻላል።

የሚጎድለው ልኬት

አልታሒር በ1996 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ከዓባይ ፍሰት የዓመት ከዓመት መለዋወጥ ሩቡ ያህል ከሰላማዊ ውቅያኖስ ሙቀት፣ ከኤል ኒኞ ጋር የተያያዘ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ኤል ኒኞ ሲበረታ በኢትዮጵያ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ለምግብ እርዳታ ተዳረገ። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ይሸከማል፤ ስለዚህ የወደፊቱ አደጋ የዝናብ ማነስ ወይም መብዛት ብቻ ሳይሆን የሁለቱ መፈራረቅ ነው። አማካዩ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል በሚለው ላይ የአየር ንብረት ሞዴሎች አይስማሙም፤ መዋዠቁ ይከፋል በሚለው ላይ ግን አልታሒርና ሞሐመድ ሲያም በ2017 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ጥናት ጠንከር ያለ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስተሳስረው የዝናብ መለኪያ ነው፤ እርሱም የሚያንሰው ዝናቡ በሚበዛበት ገደላገደል ነው። ሳተላይት ይረዳል፣ በተራራ ላይ ግን ይስታል። ኢትዮጵያዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ቱፋ ዲንቁ የጣቢያን ልኬት ከሳተላይት ጋር አዋሕዶ ክፍተቱን የሚሞላ ሥራ ከብሔራዊ ሜትዎሮሎጂ ኤጀንሲ ጋር ሠርቷል። መንገዱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከመሬት የሚሰበሰብ ቁጥር ከሌለ የሚዋሐደው ነገር አይኖርም። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ፣ ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በሱዳን የነደደው ጦርነት ይህን የመሰለውን ዕለታዊ ሥራ ከባድ አድርጎታል።

ስለዚህ የሁለቱ አገሮች የውሃና የሜትዎሮሎጂ ሹሞች ትልቁ የዓባይ ውል እስኪፈረም ሳይጠብቁ አንድ ትንሽ ነገር ቢያደርጉ ይገባል። በጎንደር፣ በላሊበላ፣ በመቀሌና በሑመራ የተለካው ዝናብ፣ ከተከዜ ግድብ የሚለቀቀው ውሃም፣ በየዕለቱ በሩመላና በኸሽም ኤል ቂርባ በር ለሚከፍቱና ለሚዘጉ ሰዎች ይድረስ። ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም፤ አዲስ አበባ የተቀመጠው የምሥራቅ ናይል የቴክኒክ ጽሕፈት ቤት የጎርፍ ትንበያ ሥራ አለው። የጎደለው ቁጥሩን መስጠት ነው።